ከአጥሩ የወጡት ሁለት ድንጋዮች

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ጎሮ ላይ ከሚገነባ አጥር የመጣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ መንገድ ላይ ገትሮ አቆመኝ። ጋሽ ደምሴ ትዝ አሉኝ። ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ እንጂ ግንበኛ አልነበሩም፤ የድንጋይ አጥራቸውን ግን ማንንም ሳያስነኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ነው የሠሩት። እጃቸው ሁልጊዜ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸት ነበር።

ያን ጊዜ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው እሳቸው ሰፈር፣ አክስቴ ዘንድ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ከቦኖ ውኃ እቀዳለሁ። ቢጫውን ጀሪካን በገመድ አዝዬ ዳገቱን ስወጣ እንደ ማረፍ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም፤ አንዴ መሬት ካስቀመጥኩት መልሶ የሚያሸክመኝ የለም። ታዲያ አንድ ቀን ከጋሽ ደምሴ አጥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደ መንገዱ ወጥቶ አገኘሁ፤ ልክ በወገቤ ትክክል። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ገመዱን ሳልፈታ ጀሪካኑን አሳረፍኩበት። ገመዱ ከደረቴ ላላ።

«ቀስ፣ ሚጣ» አሉኝና ወደ ሲሚንቷቸው ዞሩ።

ድንጋዩ የመንገደኛ ክንድ ስለሚቧጭር የሰፈሩ ሰው ያሾፍባቸው ነበር፤ ደምሴ ግንቡን የሚለካበት ውኃ ልክ በውኃ ፈንታ ጠጅ ነው የተሞላው እያለ። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔም ስህተት መስሎኝ ስህተቱን ወደድኩት።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ መጥታ ኮተቤ ወሰደችኝና አንደኛ ክፍል ገባሁ። ጋሽ ደምሴን አልተሰናበትኩም፤ መሰናበት እንዳለብኝም አልመጣልኝ።

ሽታው እግሬን ወደ ድሮው ሰፈር መራው። ዙሪያው ፎቅ ሆኗል፤ አጥሩ ግን አለ። ከማውቀው ድንጋይ ጎን ሌላ፣ ከፍ ያለ ድንጋይ ወጥቷል። በሩ ላይ የቆመችው ልጃቸው ሰናይት አወቀችኝ። ተሳስመን ስናበቃ፣ ያኔ እናቴ ወስዳ ትምህርት ቤት እንዳስገባችኝ ነገርኳትና ይሄኛው ድንጋይ ደግሞ ለምንድን ነው አልኳት።

«ላንቺ ነዋ! የመጀመሪያውም ላንቺ ነበር። ስትጠፊበት ጊዜ አባዬ፣ ‹ልጅቷ አድጋ ድንጋዩ ዝቅ ብሎባት ነው› ብሎ ይሄን ጨመረ። ያኔም ቀረሽ። የት ዳገት ላይ ትሸከም ይሆን እንዳለ ሞተ።» ድንጋዩን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና፣ «ተማሪ ቤት ገባሁ ብለሽ ብትልኪበት ምናለ?» አለችኝ።

 አንድ ቃል ነበር የሚበቃቸው።

እሷ ስትገባ ለአጥሩ ጀርባዬን ሰጠሁ። ከፍ ያለው ድንጋይ ልክ በወገቤ ትክክል ነው። መጽሐፍ የሞላው ቦርሳዬ አረፈበት፤ ማንገቻው ከትከሻዬ ላላ።