በከልቻ የወጣ መስሏቸው

ወተት ያመጡልኝ የነበሩት ሴት ሰዓት አልነበራቸውም። ከሐረር ወጣ ካለ ገጠር በእግራቸው ተነስተው በፈላና በር ይገቡና ቅላቸውን ከደጄ ያወርዳሉ። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። ዛሬ «እሳቸው» እላለሁ እንጂ ያኔ «አንቺ» ነበር የምላቸው፤ የከተማ ሰው ነኛ!

አንድ ቀን መቼ እንደሚነሱ ብጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ምሥራቅ እያመለከቱ «በከልቻ ሲወጣ» አሉኝ። እኛ አጥቢያ ኮከብ የምንለው ነው።

«ትርጉሙ ምንድን ነው?»

ሳቁ። «እኛ ቤት ትርጉሙ ‹ተነሺ፣ እለቢ› ነው።»

አስተማሪ ነበርኩና አላስቻለኝም። ኮከብ ሳይሆን ፕላኔት ነው፤ የተወሰነ ወራት ንጋት ላይ ታይቶ ከዚያ ወደ ማታ ይዞራል ብዬ ደሰኮርኩባቸው።

«እሱንማ ላሟም ታውቀዋለች» አሉኝ። «ሲጠፋ በዶሮ እንነሳለን።»

ጊዜው ጦርነት ደጃችን የደረሰበት ነበር። ሰዓት እላፊ ታውጇል፤ ሳይነጋ መንገድ ላይ የተገኘ ሁሉ ሰርጎ ገብ ነው። ባሌ ከታሰረ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ጡቴ ደርቆ ልጄ በላም ወተት ነው ነፍሱ የቆየችው። በከልቻም ወደ ማታ ዞሮ ነበርና፣ ዶሮ ደግሞ እንዳሻው ስለሚጮህ ሴትዮዋ ያረፍዱ ጀመር። ልጁ ሲያለቅስ እኔ አብዳለሁ። አንድ ጠዋት ደጅ ላይ ጠብቄ «ነገም እንዲህ ብታረፍጂ ሌላ ወተት ሻጭ እይዛለሁ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ወተቱን ለክተውልኝ ሄዱ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ የግቢዬ በር ተደበደበ። ስከፍተው ሁለት ታጣቂዎች ሴትዮዋን መሃል አስገብተው ቆመዋል። ልብሳቸው ወተት በወተት ሆኗል፣ ከንፈራቸው ይደማል። በደመናው መሃል አንድ ትልቅ ኮከብ አይተው በከልቻ የተመለሰ መስሏቸው በሰዓት እላፊ መጥተው ኖሯል።

«ወተት የማመጣው ለዚህ ቤት ነው ትላለች። ታውቂያታለሽ?» አለኝ አንደኛው።

«ንገሪያቸው ልጄ» አሉኝ ሴትዮዋ። «ወላሂ፣ ለሕፃኑ ነው የመጣችው በያቸው።»

የሚፈለግብኝ አንድ ቃል ነበር። ታጣቂው ግን በትከሻዬ አሻግሮ ቤቴን እያየ ነው፤ የእስረኛ ሚስት መሆኔን ያውቃል። እኔንም ቢወስዱኝ ልጄን ማን ያሳድገዋል? ከራስ በላይ ነፋስ አሉ።

«አላውቃትም» አልኩ።

ሴትዮዋ ትንሽ አዩኝ። ልጄ ከውስጥ ሲያለቅስ ሰሙና «ርቦታል» ብለው ቅሉን ዘረጉልኝ፤ ከሥሩ ጥቂት ወተት ተርፎ ነበር።

ብቀበል እንደማውቃቸው ይታወቅብኛል። በሩን ዘጋሁባቸው።

የት እንዳደረሷቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅኩማ።