ቁጢጥ እንዳትል የከለከልኳት ልጅ

ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ጎረቤት ማማቴን ሁሉ ነግሬያለሁ። ትርንጎን ምን እንዳደረግኋት ግን ለእሳቸውም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። አትዘኑልኝ!

ደብረ ታቦር የስፖርት መምህር ነኝ። ትርንጎ ሁለተኛ ክፍል ሳለች እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ ልጄን ልቧን ያማታል። ሲደክማት ቁጢጥ ትላለች፤ አይከልክሉብኝ፣ አደራዎን» አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ልጆቹን ሜዳ ሳስዞር፣ ትርንጎ ግማሹን እንኳ ሳትጨርስ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ ቁጢጥ አለች። ልጆቹ ሳቁ። የተናቅሁ መሰለኝና ብብቷን ይዤ አነሳኋት።

«ቲቸር፣ ትንሽ ብቻ...»

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ!»

ሁለት ጊዜ ልትቀመጥ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ አቆምኳት። ከንፈሯ ሲጠቁር እያየሁ አቆምኳት። ከዚያ ወደቀች። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናት።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ ለእኔና ተጠርተው ለመጡት እናቷ አስረዳ። ከልቧ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ከተፈጥሮዋ ጠባብ ነው፤ የቀኙ የልብ ክፍል በዚያ ጥበት ደም ለመግፋት ከአቅሙ በላይ ይጨነቃል። ስትሮጥ ደሙ ሳንባ ሳይደርስ በልቧ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ወደ ግራው ክፍል ይሻገርና አየር ሳያገኝ ሰውነቷን ይዞራል። ቁጢጥ ስትል ግን የእግሯ ደም ሥር ይታጠፋል፣ የግራው ግፊት ይበረታል፣ ደሙም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ማንም ሳያስተምራት ያገኘችው መድኃኒቷ ነበር ማለት ነው።

«እንዴት ወደቀች?» ሲለኝ ግን ምን አልኩ? «ስትሮጥ» አልኩ። ትርንጎ ከአልጋው ላይ አየችኝ። እሷ ብትናገር ማን ሊያምናት? እናቷም «ሩጫው ልጄን ይገድልብኛል» ብለው በዚያው ከትምህርት ቤት አስቀሯት። እኔም እውነቱን አልነገርኳቸውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዘንድሮ፣ አድጋ ገበያ ላይ አገኘኋት። አዲስ አበባ ተወስዳ ልቧ በቀዶ ጥገና ተስተካክሏል፤ ጠንክራ ድንች ትሸጣለች። ሰላም ብላኝ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«ቲቸር፣ መልእክት መጥቶልኛል፣ የሐኪም ቀጠሮ መሰለኝ፤ እስቲ ያንብቡልኝ።»

አነበብኩላት።

«አላወቅህም እኮ» ልትሉኝ የፈለጋችሁ፣ ተዉኝ። የደሙን መንገድ አላወቅሁም፤ አደራውን ግን አውቅ ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። ሰይጣን እዚያ ሜዳ አልነበረም፤ የነበርኩት እኔ ነኝ። አደራ በላ ነኝ።

ይቅርታም አልለምንም። ይቅር ብትለኝ እኔ እፎይ እላለሁ፤ ትርንጎ ግን ማንበብ አትችልም።