በአረንጓዴ ቀለም የሚከራከረው ሰው

ያሽዋንት ሳብኒስ የድሮ የሙት መንፈስ ፊልም እንደ ዳኛ ነበር የሚያየው። ሌላው ሰው ነጭ ሳሪ የለበሰችዋ ሟች ከጉድጓድ ስትወጣ ትራሱን ያቅፋል፤ እሱ እስክሪብቶውን ያነሳል። «ከሳሪዋ ሥር የላስቲክ ጫማ ይታያል» ብሎ ይጽፋል። «ሟች ጫማ ምን ያደርግላታል?»

በሕንድ፣ በፑኔ ከተማ ውሃ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። አላገባም፣ አልወለደም። ያለችው አንዲት ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥንና ግድግዳ የምትጋራው ኢንዱማቲ የምትባል ጎረቤት ናት፤ እሷም ምላሷን ሰብሰብ የምታደርግ ሴት አይደለችም።

«ሳብኒስ ሳሄብ፣ ዛሬም ከሟቾቹ ጋር ነዎት?» ትለዋለች፤ ሳሄብ እንደ «ጌታዬ» ነው። «ከሕያዋን አንዷን ቢያገቡ ኖሮ ይሄኔ በነጻ ትጮህልዎት ነበር!»

እሱም ይስቃል። ምን ያድርግ? በሩን ሲዘጋ ግን ሳቁ በሩ ላይ ይቀራል።

የፊልም ካሴት የሚከራየው ከጃየንቲባሂ ሱቅ ነው። በዚያ ሱቅ አንድ ደንብ ነበር፦ በየካሴቱ ሳጥን ውስጥ ካርድ አለ፤ ያየ ሰው አስተያየቱን ስሙን ሳይጠቅስ ይጽፍበታል። አብዛኛው ሰው «ጥሩ ነው» ወይም «አትድከሙ» ብሎ ይገላገላል። ሳብኒስ ግን ከእረፍት በፊት እንዲህ፣ ከእረፍት በኋላ እንዲያ እያለ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። የእነሱ የሕንዶቹ ፊልም መሃሉ ላይ እረፍት ሳይሰጥ አያልቅም፤ ስለዚህ የፊልም ሐሜታቸው ሁሉ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፣ ብቻውን ተናግሮ ብቻውን ይረታ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከጻፈው ሥር አረንጓዴ ቀለም አገኘ። «ጫማዋ ላይ ጨከኑ። ከጉድጓድ የወጣ ሰው እግሩ አይበርደውም?»

ወይ ደስታ! በመንገድ ላይ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ካሴት ሁለት ሁለት ጊዜ መከራየት ሥራው ሆነ፤ አንዴ ሊያይ፣ አንዴ መልሱን ሊያነብ። ክርክሩ ዘጠኝ ዓመት ዘለቀ። ሰውየውን በሐሳቡ ሠራው፦ ጡረታ የወጣ ሐኪም፣ መነጽር ያለው፣ እንደሱው ብቸኛ። ማታ እሱ የሚያየውን ያ ሰውም የሆነ ቦታ ተቀምጦ እያየ ነው ብሎ ያምን ነበር። ማን እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። ደንቡን አከበረ እንበል፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነው።

ከዚያ ዲስክ መጣና ካሴትን ገፋው። ጃየንቲባሂ ቅዳሜ ሱቁን ሊዘጋ፣ እሑድ ደግሞ ሱራት ከተማ ልጁ ዘንድ ሊገባ ሆነ። ሱቁ ከተዘጋ ያ ሰው በምን ይገኛል?

«አገናኘኝ» አለው ሳብኒስ ጃየንቲባሂን ሐሙስ ዕለት። «ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

«ደንቡ ነው ሳሄብ፤ ስም አይነገርም።»

«የሚዘጋ ሱቅ ምን ደንብ አለው!»

ጃየንቲባሂ አንገቱን ደፋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሳብኒስ ካርዶቹን ሁሉ በከረጢት ጭኖ ቤቱ ወሰደ። ሰፈሩን፣ ሥራውን፣ አንዳች ፍንጭ ፍለጋ አንድ በአንድ አነበባቸው። አርብ ከሰዓት በኋላ አንዱ ካርድ ላይ እጁ ቆመ። ፊልሙ የውጭ አገር ጥቁርና ነጭ ነው፤ አንዲት ሟች ማታ ማታ ለማይመጣ እንግዳ ራት ታቀርባለች። አረንጓዴው ቀለም «ከእረፍቱ በኋላ አለቀስኩ» ይላል።

የውጭ ፊልም ግን እረፍት የለውም! እንደ ጀመረ ነው የሚያልቀው። ይህ ሰው ፊልሙን አላየውም። ሳብኒስ ሌሎቹን ካርዶች እንደገና አገላበጠ። በአረንጓዴው ውስጥ፣ እሱ ራሱ አስቀድሞ ያልጻፈው አንድም ነገር አልነበረም። ፊልሙን ሳያይ ካርዱን ሁሉ የሚያገኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ካርዱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «አንተ ነህ።»

ጃየንቲባሂ ኩም አለ። «እኔ ነኝ ሳሄብ።»

«አንዱንም አላየህም?»

«በእናቴ ስም! እኔ የሙት መንፈስ ሽፋን ላይ እንኳ ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። የእርስዎን አነብና እመልሳለሁ። ሦስት ዓመት ሲጽፉ አንድ ሰው አልመለሰልዎትም፤ ሆዴ አልቻለም።»

«አዘንክልኝ በለኛ!» ሳብኒስ ጮኸ፤ በዕድሜው ሱቅ ውስጥ ጮሆ አያውቅም። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር የሚያይ ሰው አለ ብዬ! ለካ ብቻዬን ነበርኩ። አንድም ቀን ማንም አልነበረም!» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አልደበቀውም።

ሳብኒስ በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «ካላየኸው ለምን አለቀስኩ ብለህ ጻፍክ?»

«አልቅሼ ነዋ።»

«በምኑ?»

«እርስዎ ስለ ሟቿ ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፉት ሳሄብ። የቀረው ካርድ ሁሉ ስለ ራቱ ነው። ሳህኑ የት እንደተቀመጠ፣ ሩዙ እንዴት እንደቀዘቀዘ። ይሄ ሰውዬ ማታ ከማን ጋር ይበላል ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

ሳብኒስ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ያንን ካሴት አወረደ። በሱቁ ቴሌቪዥን ማጫወቻ ውስጥ ከተተው። በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሌላ ስቦ ከራሱ አጠገብ አኖረ።

«ሳሄብ፣ እባክዎን...»

«ተቀመጥ።»

ጃየንቲባሂ ተቀመጠ፤ ገና የፊልሙ ስም ሳይወጣ በሁለት እጁ ዓይኑን ሸፈነ። ሳብኒስ ሲተርክለት ቆየ፦ አሁን በሩ ተከፈተ፣ አሁን ሻማው ጠፋ፣ አሁን በደረጃው እየወረደች ነው። ጃየንቲባሂ በየቃሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በመጨረሻ ሳብኒስ ክንዱን ያዝ አደረገው። «አሁን እጅህን አውርድ» አለው። «አትፍራ፤ ራት እያቀረበች ነው።»

ጃየንቲባሂ እጁን አወረደ።