ጋዜጣ የሚያነብ ዓይን

ባለፈው ሳምንት የዓይን ሐኪሟ የዓይኔን ጀርባ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፍታ አሳየችኝ። ደም ሥሮቹ ቅጠል ላይ እንዳሉት ቀጫጭን መስመሮች ተዘርግተዋል፤ በአንድ በኩል ግን ሳስተዋል። ቀጥላ፣ ብልጭታ ባየሁ ቁጥር ቁልፍ የተጫንኩበትን የምርመራ ውጤት አወጣች። እሱም ላይ አንዱ ወገን ጠቁሯል።

"ግላኮማ ነው፣ ጋሼ። ሥሮቹ የሳሱበትና እይታዎ የቀነሰበት ይገጣጠማሉ።"

"ጨለማ ግን አይታየኝም።"

"አይታይዎትም። እዚያ ያለው ሰው ነው የማይታይዎት።"

ዕድሜዬን ሙሉ ዜና ስዘግብ ክፉ ወሬ አስደንግጦኝ አያውቅም። ያን ቀን ደነገጥኩ፤ ስለ ራሴ ግን አልነበረም። ጋሽ ሁሴን ትዝ ብሎኝ ነው።

ጋሽ ሁሴን የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አባቴ ወደሚሠራበት የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ከአዋሽ ጥጥ ያመጣል። ሲመለስ መጀመሪያ የሚያቆመው አቃቂ፣ እኛ በር ላይ ነው፤ ሐብሐብ ወይም ብርቱካን ሳይዝ መጥቶ አያውቅም። የዚያ ብርቱካን ሽታ ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

አባቴ ፎርማን በሆነ በዓመቱ ሰው ሰላም ሳይል ማለፍ ጀመረ። ሳሪስ አቦ ገበያ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ "ጋሽ መኮንን፣ ሹመት አንገት ያደነድናል እንዴ?" ብላ አሾፈችበት። ሁላችንም ሳቅን። ሰፈሩም ኮርቷል አለ።

ከዚያ የጋሽ ሁሴን ሚስት ሞተች። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጥቁሩ ጭቃ ጫማችንን እየያዘ ከአባቴ ጋር ቃሊቲ ደረስን። ጋሽ ሁሴን ከድንኳኑ በር በስተግራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አባቴን ሲያይ እጁን ዘርግቶ ሊነሳ ሞከረ። አባቴ አልፎት ሄደ። ፊት ለፊት ያሉትን ሽማግሌዎች "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ጨበጠና ተቀመጠ።

"መኮንን፣ እኔን ዘለልከኝ?"

አባቴ ደንግጦ ተነሳ። ፊቱን ያዞረው ግን ጋሽ ሁሴን ወደሌለበት ወገን ነበር። "ሁሴን! የት ነው ያለኸው?"

"ለቅሶ ላይም ያላግጣል?" አለ አንዱ። አባቴ ድምፁን ተከትሎ ሲደርስ ጋሽ ሁሴን ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ ነበር።

ወራት ቆይቶ አንድ ሐኪም የአባቴ በሽታ ይኸው ግላኮማ መሆኑን አወቀ። አባቴ ወዲያው ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ሁሴን የመለሰው አጭር ነበር፦ "ጋዜጣ የሚያነብ ዓይን እንዴት እኔን ያጣል?"

እውነቱን ነው፤ አባቴ ያኔ ጋዜጣ ያለ መነጽር ያነብ ነበር። በሽታው ከዳር ዳር ይበላና መሐሉን የሚነካው በመጨረሻ ነው። ይህን የሚያሳይ ፎቶ አልነበረንም። ቢኖር ሽማግሌዎቹ ይዘውት ይሄዱ ነበር።

ጋሽ ሁሴን መኪናውን ሸጦ ወሎ ገባ፤ እዚያው ሞተ። መርዶውን ለአባቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ዘጋቢ ሆኛለሁ፤ ጋዜጣውንም የማነብለት እኔ ነበርኩ።

"እንዳኮረፈኝ ነው የሞተው?" አለኝ።

የማውቀውን ብቻ መናገር ልማዴ ነው። የሚያጽናና ነገር አላውቅም ነበር።

አሁን መንገድ ስሄድ ከነትከሻዬ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዞርኩ ሰላም እላለሁ። ትናንት ቃሊቲ ከባቡር ስወርድ፣ የቂሊንጦ ሰርቪስ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ግራ ገብቶት "ፋዘር፣ እንተዋወቃለን እንዴ?" አለኝ።

"አይመስለኝም" አልኩት። "እንዳላልፍህ ብዬ ነው።"