ጠቋሚው ይጥፋ ወይስ ይኑር

ልጄ «ጠቋሚውን እናጥፋው» ስትል የሰማኋት ጎመን እየቀነጠስሁ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ጠቋሚ ማለት ጎረቤቱን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ነበር። ማጥፋት ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል ማለፍ አያስፈልግም። እኔም አላለፍሁ።

ጎመኑን ጥዬ በሯ ላይ ቆምሁ። በኮምፒውተሩ ከሰዎች ጋር ትከራከራለች።

«ምን አደረገሽ? ጥግ ይዞ ነው የሚያይ» ይላታል አንዱ።

«ማን ምን ያህል በላ እያለ ይጠቁማል፤ ከሁሉ የሚበላው ግን እሱ ነው። ይጥፋ።»

«እንግዲያ ድምፅ እንስጥ።»

በድምፅ ነው እንግዲህ የሚገድሉ። አይከል ከተማ፣ ወንድሜ ዘንድ ላሸሻት ቆረጥሁ። ጋቢዋንና ዳቦ ቆሎ በቦርሳ አጭቄ ገባሁና የኮምፒውተሩን ክዳን ጠረቀምሁት።

«እማዬ፣ ምነው?»

«ተነሽ፣ የአይከል ማኪና ሳይሄድ።»

«ምን ልሠራ?»

«ሰው ልታስገድይ አይደል? ያውም በድምፅ ብልጫ። የማን ልጅ ነው? እናት የለውም?»

ቦርሳውን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ አልጋው ላይ ወድቃ ትንከተከት ገባች። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

ኋላ ክዳኑን ከፍታ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ አረንጓዴ መስመር አሳየችኝ። «ጠቋሚው ይኸው። የትኛው ሥራ የኮምፒውተሩን ጉልበት ምን ያህል እንደበላ ይናገራል፤ ራሱም ይበላል። ይቺ ያለችበትን ፕሮግራም በየከተማው ያለን ሰዎች በነጻ ነው የምንሠራው፤ የፈለገ ሁሉ ከፍቶ ያርመዋል። የተጣላነው ይቺ መስመር ትኑር አትኑር ብለን ነው።»

ሰዎቹ ለካ ክዳኑ ሲከፈት ተመልሰው ይሰማሉ። «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለ ያ «ጥግ ይዞ ነው የሚያይ» ያለው።

እፍረቴን ዋጥ አድርጌ፣ «አታጥፉት፣ ደብቁት። ሲጠሩት ብቻ ይምጣ። ካልጠሩት አይበላም፤ ሰውም አያስደነግጥ» አልሁ።

«ሁለት ሳምንት ተከራከርንበት እኮ» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። ልጄ አንገቷን ደፋች። ድምፅ ሰጡ፤ አንድም የተቃወመ የለም።

ቦርሳውን ፈታሁ። ዳቦ ቆሎውን አልጋዋ ላይ ተቀምጠን እየቆረጠምን፣ «አሁንስ ፍርሃቱ ለቀቀሽ?» አለችኝ።

«ለቀቀኝ። አንቺም ደኅና ነሽ፣ እኔም ደኅና ነኝ» አልኋት።