የአሥራ አንድ ሰዓቱ ብልሽት

ኢንተርኔት የተቋረጠበት ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ነካው?» ብዬ ነው። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ኧረ ማንም አልነካውም!» ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር «እኔ ነኝ የነካሁት» ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም። ገመዱ ራሱ ተነቅሎ፣ ራሱ ተጠቅልሎ፣ አልጋ ሥር ገብቶ ነው የማገኘው። ስለዚህ የምጠይቀው መልሱን ለመስማት ሳይሆን ፊታቸውን ለማየት ነው።

ጋሼ አሥራ አንድን ያወቅኳቸውም በዚሁ ጥያቄ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ክር ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሞተርና አምፖል ሲጠግኑ ይዋሉ እንጂ ሰው የሚያስታውሳቸው በአሥራ አንድ ሰዓቱ ሥራቸው ነው። የመውጫው ደወል ሲደወል ዋናውን ማጥፊያ ያወርዳሉ፤ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ፋብሪካውን ይዞራሉ፤ የሚጨስ ወይም የጋለ ነገር አለመኖሩን ያያሉ፤ ከዚያ ለዘበኞቹ መብራት ይመልሳሉ። ልጃቸው የተወለደች ዕለት እንኳ አጥፍተው፣ ዞረው፣ መልሰው ነው ወደ ሆስፒታል የሄዱት፤ ሚስታቸው ይህን እስክትሞት አልረሳችላቸውም። ሠራተኛው ሰዓቱን ስም አድርጎ አወጣላቸው። የጡረታ ደብዳቤ ሲሰጣቸው አለቃውን «ታዲያ ማን ሊያጠፋ ነው?» ብለው ጠይቀው ወጡ ይባላል። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል።

እኔን የጠራችኝ ያቺው ልጃቸው ናት። አባቷን ይዛ ትኖራለች፤ ለአንድ የመድን ድርጅት ከቤቷ በኮምፒውተር ትሠራለች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ላይ ከአለቃዋ ጋር በኮምፒውተር ስብሰባ አላት። ግንኙነቱ ደግሞ ልክ ስብሰባው ሲጀመር እልም ይላል። አለቃዋ በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሯታል። የመስመሩ ድርጅት ሰዎች ሁለቴ መጥተው «ደህና ነው እኮ» ብለው ሄደዋል። ጠዋት መጥቶ ደህና ነው ከማለት ሌላ ምን ይባላል!

«የሚጠፋው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው?» አልኳት።

«ስልኬም ላይ አብሮ ነው የሚጠፋው።»

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ነፃ ወጣ። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ጫማ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ራውተር ሄድኩ፤ ዋይፋይ የሚያሰራጨው ባለ መብራት ሳጥን ማለቴ ነው። ገመዱን ቀየርኩ፤ መስመሩን ከግድግዳው እስከ ምሰሶው ተከተልኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ሲጠፋብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራዋለሁ፤ ሲነሳ ግንኙነቱም ይመለሳል።»

ያ ኮምፒውተር እስኪነሳ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ይጨርሳል። የጠፋበትን ሰዓት እንድትጽፍልኝ ነግሬያት ሄድኩ። ሐሙስ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ሰኞ አሥራ አንድ ከአንድ፣ ማክሰኞ አሥራ አንድ፣ ረቡዕም አሥራ አንድ። ደሜ ፈላ። ብልሽት ሰዓት አያከብርም፤ ሰዓት የሚያከብር ሰው ነው። ዱካ ስቤ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጥኩ።

አሥራ አንድ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አባትየው ካኪ ኮታቸውን ለብሰው ከክፍላቸው ወጡ። «እንደምን ዋልክ» አሉኝ። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። የሶኬቱን ማጥፊያ ቀጭ አደረጉት፤ የራውተሩ መብራቶች ጠፉ። ከኪሳቸው የእጅ ባትሪ አውጥተው ወጥ ቤት ገቡ፤ ምድጃውን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ መታጠቢያ ቤቱን አዩ፤ ጎንበስ ብለው ከአልጋቸው ሥር አበሩ። ከውስጥ ልጃቸው «ወይኔ! ወይኔ!» ስትል ይሰማኛል። ተመልሰው አበሩት። «ለዘበኞቹ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሳጥን ማን ነካው?»

«እኔ እንጃ፤ ማንም አልነካውም።»

ፊታቸውን አየሁ፤ አልዋሹም። አንጀቴን በሉት።

ልጅቱ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ቁጭ አለች። አባቷ ሰሞኑን በእናቷ ስም እንደሚጠሯት፣ እሷም «እርጅና ነው» ብላ እንዳለፈችው ነገረችኝ። «እኔ ደግሞ መስመሩን ነበር የምረግመው» አለች።

ያን ቀን ማታ አስረዳቻቸው፤ ይቅርታም ጠየቋት። ዓርብ ልክ በሰዓቱ አጠፉት። ማጥፊያው ላይ ፕላስተር ለጥፋ ነበር፤ ልጠው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ቤቴ መሳቢያ ውስጥ የሞተ ራውተር ነበረኝ፤ መስመር አይቀበልም፣ መብራቱ ግን ይበራል። ቅዳሜ ደህናውን ወደ ልጅቱ ክፍል አዛወርኩ፤ የሞተውን ደግሞ በቦታው፣ ጫማ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ሰኞ አሥራ አንድ ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ቀጭ አለ፤ ልጅቱ ግን ስብሰባዋ ላይ ነበረች። አለቃዋም ማስፈራራቱን ተወ። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ደወለችልኝ።

«አባዬ ዛሬ አላጠፋውም።»

«ስብሰባውስ?»

«ቀጭ ሲል ስላልሰማሁ ትቼው ወጣሁ። ሳጥኑ ፊት ቆሞ ነው ያገኘሁት። ‹ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?› አለኝ። እባክህ ወንድሜ፣ መጥተህ ሳጥኑን ውሰድልኝ። ማየት አልቻልኩም።»

በማግስቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሄድኩ። አባትየው ኮታቸውን ለብሰው ያኔ እኔ የተቀመጥኩበት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን ልነቅል ያዝኩ።

«ኧረ ተው!» አሉኝ። «ሠራተኛው መች ወጣ?»

እጄን ሰበሰብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልጅቱ ለስብሰባዋ ሳትቀመጥ በሯ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሰዓት ደረሰ» አልኳቸው አሥራ አንድ ሲሆን።

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሳጥኑን አዩ፤ ቀጥለው እኔን። ከኪሳቸው የእጅ ባትሪውን አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«አንተ አጥፋው» አሉኝ። «እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

አጠፋሁት። ባትሪውን ይዤ ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ከአልጋቸው ሥር አየሁ። የጋለ ነገር አልነበረም። ተመልሼ ለዘበኞቹ አበራሁ።