የሽማግሌው ባትሪ

ውባየሁን ያወቅሁት ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሻትል አብረን ስንነዳ ነው። ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። አሜሪካ፣ ዶራቪል ውስጥ ባቡሩ ከሚያበቃበት ጣቢያ አጠገብ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። ትዳር አልያዘም፤ ልጅ ግን አሳድጓል። ወንድሙ ታሞ ሲያርፍ ገና ትንሽ የነበረውን የወንድሙን ልጅ ያቤጽን ከእናቱ ጋር ተጋግዞ፣ ትምህርት ቤት እያደረሰ፣ ኳስ ጨዋታ እየወሰደ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃው እሱ ነው። ያቤጽም እንደ አጎት ሳይሆን እንደ አባት ነው የሚያየው።

ውባየሁ አንድ አመል ነበረበት፤ ሲጋራ። ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት መኪናው ውስጥ ሽቶ ይረጫል፤ ሽቶውና ጭሱ ይቀላቀሉና ከሁለቱም የባሰ ሽታ ይፈጠራል። ዶክተሩ ደረቱን አዳምጦ ፊቱን ሲያጨማድድበት ያቤጽ ቬፕ፣ ያንን በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ገዝቶ ሰጠው። ይሄ እንደ ፈረንጆቹ 2014 ግድም መሆኑ ነው፤ የቬፕ ሱቅ በየመንገዱ ዳር እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ። የመጀመሪያዋ እስክሪብቶ የምታክል ነበረች። ቆይቶ ውባየሁ ራሱ ትልቁን ገዛ፦ ሁለት ባትሪ የሚጎርስ፣ ትንሽ ስክሪን ያለው፣ ዋቱን፣ ማለት የኃይሉን መጠን፣ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት። ሲጋራውን በዚያው እርግፍ አድርጎ ተወ። እኛም አረፍን፤ መኪናውም አረፈ።

ባትሪው ነው እንጂ ያላረፈው።

"ቼክ ባትሪ ይለኛል" አለኝ አንድ ቀን፣ ሆቴሉ በር ላይ ተሳፋሪ ስንጠብቅ። "ቼክ አደረግኩት። አለ። ውስጡ ቁጭ ብሏል።"

"መኖሩንማ ያውቃል። ደክሟል ማለቱ ይሆናል።"

"የምን መድከም? ጠዋት ነው ከቻርጀር ላይ ያነሳሁት። ደግሞ ምን እንደሚል እየው፤ አምሳ አምፒር! ነዳጅ ማደያው ሱቅ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ትልቁን ቁጥር ነው የመረጥኩት።"

ለውባየሁ ባትሪ መምረጥ ማለት ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ማንሳት ነበር። ከጥንዱ አንዱ ሲጠፋበትም ሌላ ገዝቶ ከአሮጌው ጋር አጣመረው። አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ ብርቱካንማ። ቬፑ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያኮርፋል። ሲያኮርፍ ውባየሁ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፣ ባትሪዎቹን አውጥቶ እፍ ይልባቸዋል፣ ቦታ ያለዋውጣቸዋል። እምቢ ሲለው ደግሞ ተጨማሪ ባትሪ ገዝቶ በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ።

በዚህ መሃል ያቤጽ የምስራችን አገኘ። የምስራች እዚሁ አሜሪካ፣ ስማይርና ተወልዳ ያደገች፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ የሕክምና ዕቃ በሚሠራ ድርጅት የምትሠራ ኢንጂነር ናት። ልጆቹ ተስማምተው ጨርሰዋል። አባቷ አቶ ፍስሐ ግን ድራይ ክሊኒንግ ቤት ያላቸው፣ ሸሚዛቸው ላይ አንዲት መስመር የማትዛነፍ፣ ወግ አጥባቂ ሰው ናቸው። "አሜሪካ ተወለደች ተብሎ ልጄ በቴክስት አትጠየቅም። ሽማግሌ ይላክ" አሉ።

ተላክን። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሽ ሳህሌ፣ እኔና ውባየሁ። አፉ የተባረከ ነውና ተናጋሪው ውባየሁ እንዲሆን ተስማማን። ሳምንቱን ሙሉ ንግግሩን እየተለማመደ ሲንጎራደድ ከጣሪያዬ በላይ ይሰማኛል።

እሑድ ከምሳ በኋላ ስማይርና ደረስን። ውባየሁ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል። ለአክብሮት ብሎ ቬፑን መኪናው ውስጥ ተወው። ሁለቱ መለዋወጫ ባትሪዎች ግን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበሩ፤ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ቁልፉንና ሳንቲሙን እዚያው ኪስ ከተተ።

አቶ ፍስሐና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሣራ በክብር ተቀበሉን።

"ተቀመጡ እንጂ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ውባየሁ በዚያ ወፍራም ድምፁ። ሦስታችንም ሳሎኑ መሃል ቆምን። የምስራች ወጉ እንደሚያዘው ወጥ ቤት ናት፤ ግን በሩ ገርበብ ማለቱን አይቻለሁ።

ውባየሁ ጀመረ። ስለ ቤተሰቡ ደግነት ተናገረ፣ ስለ ልጃችን ጨዋነት ተናገረ። አነጋገሩ ያምር ነበር። ከዚያ ድንገት ቀዝቀዝ አለ። ዓይኑ ፈጠጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ መለሰው።

አቶ ፍስሐ እንባ የተናነቀው መሰላቸው። "አይዞዎት፤ ይቀጥሉ" አሉት በለሰለሰ ድምፅ።

"ልጃችን ያቤጽ" አለ ውባየሁ ጥርሱን ነክሶ፣ "በልጅዎ በየምስራች ፍቅር…"

"እሺ፣ በፍቅሯ?"

"ተቃጠልኩ!"

ጋሽ ሳህሌ ክንዱን ቆነጠጡት። "ልጁ ነው የተቃጠለው በል" አሉ በሹክሹክታ።

"እኔ ነኝ! ኪሴ!"

የላስቲክ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ወይዘሮ ሣራ ምድጃ የረሱ መስሏቸው ሲነሱ የወጥ ቤቱ በር ብርግድ ብሎ ተከፈተና ሙሽሪት ራሷ ከነሽርጧ ሮጣ ገባች።

"ዌይት! ኪስህ ውስጥ ባትሪ አለ?"

"አለ።"

"ቁልፍስ? ሳንቲም?"

"አብሮ ነው!"

"ኦ ማይ ጋድ፤ ጃኬቱን አውልቅ! እጅህን ኪስህ ውስጥ እንዳትከት!"

"የምስራች! አንቱ በይ እንጂ!" ጮኹ እናቷ።

"ማሚ፣ አሁን አይደለም!"

ጃኬቱን በኮሌታው ይዛ፣ ክንዷን ከራሷ አርቃ፣ በጋራዡ በኩል ወደ ውጭ ሮጠች። ሲሚንቶው ላይ ዘርግታ በመጥረጊያ እንጨት ኪሱን ገለበጠችው። ቁልፉ፣ ሳንቲሙና ሁለት ባትሪዎች ተንከባለሉ። የአንዱ ባትሪ መሸፈኛ ላስቲክ ቀልጦ ብረቱ ተራቁቷል። ገበሩ ላይ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል።

"እስኪበርድ ማንም እንዳይነካው። ራቅ በሉ" አለች። ራቅን። ወጉም፣ ንግግሩም፣ እኛም ውጭ ቀረን። ሣር የሚያጠጣ ፈረንጅ ጎረቤት በሱፍ የተሰለፉትን ሽማግሌዎች አይቶ እጁን አውለበለበልን።

ውባየሁ ጭኑን እያሻሸ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ልጁን ጉድ ሠራሁት" አለኝ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

አቶ ፍስሐ ባትሪውን ትኩር ብለው አዩ። ቀዳዳውን አዩ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠና ሳቅ አመለጣቸው፤ ያ መጨማደድ የማያውቅ ሸሚዝ ሳይቀር እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"በዕድሜዬ ብዙ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ ሲለምን የነደደ ግን የመጀመሪያዬ ነው!"

ሳቁ ወደ ሁላችንም ተጋባ። ከሁሉ መጨረሻ የሳቀው ውባየሁ ነው።

"ቬፑን አምጣው እስቲ" አለች የምስራች። "ምን ምን ነው የሚያደርገው?"

ውባየሁ የበረደውን ቁልፍ አንስቶ ከመኪናው አመጣላትና እንደ ሐኪም ፊት ምሬቱን ዘረገፈው፦ ቼክ ባትሪ ይላል፣ ይጠፋል፣ ዋቱን ወደ ዘጠና ከፍ ሲያደርገው ይብስበታል። እሷ ወደ አርባ ዝቅ አደረገችውና ቁልፉን ተጫነች። ሠራ።

"ስለዚህ ዕቃው ደህና ነው" አለች። "ባትሪው ነው ያልቻለው። ብዙ ኃይል ስትጠይቀው አቅም ያንሰዋል፣ ዕቃውም ራሱን ያጠፋል። ዋቱን ዝቅ ስታደርግለት ይችላል።"

ቮልት መለኪያ አምጥታ ቬፑ ውስጥ ያሉትን ባትሪዎች አንድ በአንድ ለካች። ሁለቱ አንድ ላይ ቻርጅ ተደርገው ብርቱካንማው ሙሉ ነው፣ ሐምራዊው ግን ወርዷል። ጫፉ ላይ ደግሞ ላስቲኩ ተልጧል።

"እያቸው፣ ዕድሜያቸው አይገናኝም። ደካማው ቶሎ ያልቃል፣ ጠንካራው እሱን እየጎተተ ይለፋል። ሁለቱን በአንድ ቀን ገዝተህ፣ አንድ ላይ ቻርጅ አድርገህ፣ ሁሌም አብረህ ነው የምትጠቀምባቸው። ከሌላ አትቀላቅላቸውም። ላስቲኩ የተላጠውን ደግሞ ጭራሽ እንዳትጠቀምበት። ባዶው ብረት ሌላ ብረት ከነካ እንደዛሬው ይሆናል።"

"ባትሪም ይጋባል በሉኛ!" አሉ ጋሽ ሳህሌ።

"ሱቆቹ ራሳቸው የተጋቡ ነው የሚሏቸው" አለች የምስራች እየሳቀች።

"አምሳ አምፒር ይላል እኮ" አለ ውባየሁ፣ የመጨረሻ መከላከያው እንደሆነ ሁሉ።

"መጻፍማ ማንም ይጽፋል። በዚህ መጠን ይሄን የሚሰጥ ባትሪ የለም። ኦፊስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይሄንኑ ነው፤ ባትሪ ቴስት ማድረግ። ስትገዛ ቁጥሩ የተጋነነውን ተወው። ትክክለኛው ባትሪ ትንሽ ቁጥር ነው የሚጽፈው፤ የጻፈውን ግን ይሰጣል።"

አቶ ፍስሐ ልጃቸውን እያዩ ቆዩ። ሥራሽ ምንድነው ብለው ጠይቀዋት ያውቁ እንደሆነ እንጃ፤ ሲያዳምጧት ግን ፊታቸው ላይ ኩራት ይነበብ ነበር። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብላችኋል። እሳት ድረስ ገብታችሁ ለምናችኋል። እኛም እሺ ብለናል። በሉ ግቡና ተቀመጡ፤ ለአቶ ውባየሁም የሚቀባ ነገር ፈልጉለት።"

ወይዘሮ ሣራ እልል አሉ። የምስራች መለኪያውን እንደያዘች በሌላ እጇ ወደ ያቤጽ ደወለች። "ቤብ፣ እሺ ብለዋል። ጋሼ ደህና ነው። አይ፣ ደህና ነው አልኩህ! በኋላ እነግርሃለሁ።"

በሳምንቱ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ያለ አንድ የቬፕ ሱቅ አብሬው ሄድኩ። የሚያስተናግደው ጎረምሳ የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ባትሪ አወጣለት፤ ስድሳ አምፒር ይላል።

"ይሄ የጉራ ነው" አለው ውባየሁ በእንግሊዝኛው። "ትሑት ባትሪ የለህም?"

ጎረምሳው ሳቀና ከታችኛው መሳቢያ አንድ ጥንድ አወጣ። ስማቸው የታወቀ ፋብሪካ የሠራቸው፣ ሃያ አምፒር ብቻ የሚሉ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት። ውባየሁ መነጽሩን አድርጎ ላስቲካቸውን ዙሪያውን አገላብጦ አየ፤ ጫፍ ላይ መላጥ የለም። የፕላስቲክ መያዣም ጨመረ። ቤት ገብቶ በሁለቱም ላይ በማርከር "ሀ" ብሎ ጻፈባቸው፤ ሌላ ከመጣ "ለ" ይሆናል። ቬፑ ውስጥ ባትሪው የሚነካውን ቦታ የምስራች እንዳለችው አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገ፣ ዋቱንም አርባ አምስት ላይ አቆመው። ከዚያ ወዲህ ቬፑ ማኩረፉን ተወ። አሮጌዎቹን ባትሪዎች ጫፋቸውን በፕላስተር አሽጎ መልሰው የሚቀበሉበት ሱቅ ወስዶ ሰጠ፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣሉም ብላዋለቻ።

ሻትል ነጂዎቹ መሃል ቬፕ ያልያዘ ጥቂት ነበር። ውባየሁ በእረፍት ሰዓት እየዞረ የሁሉንም ኪስ ይፈትሽ ጀመር። "ቁልፍና ባትሪ አንድ ኪስ? አንተ ሰውዬ፣ ጭን የለህም?" ይላል።

ሠርጉ በፀደይ ሆነ። ውባየሁ አዲስ ሱፍ ገዛ፤ የተቃጠለውን አቶ ፍስሐ ገበሩን ራሳቸው አሰፍተው፣ ተኩሰው፣ በፕላስቲክ ሸፍነው ቢመልሱለትም ለሠርግ አይሆንም ብሎ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ አንተ ተባባሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ድራይ ክሊኒንጉ ሲዘጋ ውባየሁ ስማይርና ይሄዳል፤ ኳስ ያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ ማንም ማንንም አያሳምንም።

ቬፑ ውስጥ የሚጨምረውን ኒኮቲን በየጥቂት ወሩ እየቀነሰ ሄደና አንድ ቀን ዜሮ ደረሰ። ለትንሽ ጊዜ ባዶውን እንፋሎት ሳበ። ከዚያ የያቤጽና የየምስራች ልጅ ተወለደች። ሆስፒታል ሕፃኗን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ነርሷ እጁን እንዲታጠብ ነገረችው። ታጠበ። ወንበር ላይ ተቀመጠና ተቀበላት። ትንሽ ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝ።

"ደረቴ ላይ ተኛች" አለኝ፣ ያንን ወፍራም ድምፁን እስከሚችለው ድረስ ዝቅ አድርጎ። "እስክትነቃ የትም አልሄድም። አንተ ሺፍቴን ሸፍንልኝ።"

ሸፈንኩለት።